ከጭቃው ያልተላቀቀው ደወል

ኦቦ ገለታ ጨመዳን ያወቅኋቸው ቤት ተከራይቻቸው ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ነቀምቴ የመጣሁ ሰሞን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉት ቤቶች ሁሉ በተማሪ ተይዘው ስለነበር፣ ደላላው እየጎተተ ጨለለቂ ሰፈር ድረስ ወሰደኝና አንድ የቆርቆሮ በር ከፍቶ አስገባኝ። ግቢው ውስጥ ከሰል ይንቦገቦጋል፣ የአየር መንፊያ ሞተር ይጮኻል፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ወፍራም የቆዳ ሽርጥ ታጥቀው የቀለጠ ነሐስ ያፈሳሉ። ደላላው «ጫጫታው ቀን ቀን ብቻ ነው» እያለ ሊያባብለኝ ሲሞክር እኔ ዓይኔን ከሚፈሰው ነሐስ ላይ መንቀል አቅቶኝ ነበር። እኔም የዚሁ ነገር መምህር ነኛ! ስሜ ሠርፀ ነው፤ የማስተምረው ብረታ ብረት ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁትም የቀለጠ ብረት ሸክላና ሸክላ መሰል ነገር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ነው። እናቴ እስከ ዛሬ ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጄ ሸክላ ያስተምራል» እያለች ታሳፍረኛለች።

ቤቱን ያኔውኑ ተከራየሁ።

ኦቦ ገለታ የወፍጮና የቡና መፈልፈያ ዘንግ የሚሽከረከርበትን ብሮንዚና ያወጣሉ። ከዲጋም፣ ከጉቴም፣ ከዚያም ራቅ ካሉት ከተሞች ባለ ወፍጮዎች ያለቀ ብሮንዚናቸውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ፤ እሳቸው አቅልጠው አዲስ አድርገው ይመልሱላቸዋል። ማቅለጫውንም የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። ነጭ ጭቃ ያመጡና ከተፈጨ የሲኒ ስባሪ ጋር ያቦኩታል። በዚህ የተነሳ በሰፈሩ ሲኒ የተሰበረባት ሴት ስባሪውን አትጥልም፤ ለባለቤታቸው ለአዴ አሜን ደጅ ድረስ አምጥታ «ለእሳቱ ሰውዬ» ብላ ትሄዳለች።

በገባሁ በሳምንቱ ገደማ ሥራዬን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተማርከው?» አሉና ከጓሮ የጎደሬ ቅጠል ቆርጠው አመጡ። ውሃ ጠብ አደረጉበት። ውሃው ድብልብል ሆኖ ቅጠሉ ላይ ወዲያ ወዲህ ተንከባለለ። «አየህ፣ ቅጠሉን አያርሰውም። ነሐስም ሸክላ ላይ እንዲሁ ነው፣ አይወደውም። ስለማይወደው ነው እኔ እንጀራዬን የምበላው።»

እውነታቸውን ነው። እኛም በቤተ ሙከራ የምናደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ጥርት ያለ ነጭ የሸክላ ሰሌዳ ላይ ትንሽ ፍንካች ብረት እናስቀምጣለን፤ አየር በሌለበት ምድጃ እናግላለን፤ ሲቀልጥ ከጎን ፎቶ እናነሳዋለን። ጠብታው እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ ከተቀመጠ ሸክላውን አላራሰውም ማለት ነው። ተዘርግቶ ከተኛ አርሶታል ማለት ነው፤ ያኔ ከበረደም በኋላ በቀላሉ አይላቀቅም። ብረትን ከሸክላ ጋር መግጠም የሚፈልግ ሰው እንዲያርሰው ይጸልያል። እንደ ኦቦ ገለታ በሸክላ ውስጥ የሚያፈስ ሰው ግን እንዳያርሰው ነው የሚጸልየው። ይህን ስነግራቸው «እኔስ ጸልዬም አላውቅ፣ ሁልጊዜ እሺ ይለኛል» አሉኝ። በሙያቸው ትንሽ ይኮሩ ነበር፤ ደግሞ ይገባቸዋል።

ስለ አባታቸው ግን ብዙም አያወሩም ነበር። አባታቸው ቱምቱ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ የገጠር አንጥረኛ። ያኔ አንጥረኛን ሰው ይፈልገው ነበር እንጂ አያከብረውም። ድግስ ሲኖር የኦቦ ገለታ አባት ከሰው ተለይተው በር አካባቢ ይቀመጣሉ፤ የሠሩትን ማረሻ ገዢው ከእጃቸው አይቀበልም፣ መሬት ላይ ሲያስቀምጡለት ነው የሚያነሳው። ኦቦ ገለታ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አሁን ተረስቷል። ቤተ ክርስቲያንም፣ ትምህርትም፣ ዘመኑም አስረስቶታል። እኔ ግን ሰው ደጄ መጥቶ ‹ኦቦ› ብሎ በአክብሮት ሲጠራኝ አሁንም ደንገጥ እላለሁ» አሉ። ይህን ያነሳሁት ለወሬ አይደለም። ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ወደ ጉቴ በሚወስደው መንገድ ላይ እሳቸው ያደጉባት ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ አለች። ደወል አልነበራትም። ከዋንዛ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነበር የሚመታው። አንድ ዓመት የጉባኤዋ ሽማግሌዎች ተመካከሩና የዘንድሮው የመከር ምስጋና ላይ ምእመኑ ከእህሉ ሌላ ያለውን ነሐስ ይዞ ይምጣ፣ ገለታም ደወል ያውጣልን አሉ። ኦቦ ገለታ ሽማግሌዎቹ ቤታቸው ድረስ በመምጣታቸው ብቻ ልባቸው ስፍስፍ አለ። የድካም ዋጋ አልፈልግም አሉ። ሕዝቡም የተሰበረ ቧንቧ፣ ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር፣ ያለቀ ብሮንዚና፣ የአያት አምባር ይዞ መጣ። ኦቦ ገለታ ሁሉንም እያመሰገኑ ተቀበሉ፤ ቤት ወስደው ደግሞ የማይሆነውን እየለዩ ለብቻው አስቀመጡ። ይህችን ዘዴ ያውቁባታል። ሰጪው ፊት እምቢ አይሉም፣ ጓዳ ገብተው ነው እምቢ የሚሉት።

ደወል አሠራሩ ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ውስጠኛው ጭቃ በደወል ቅርፅ ይሠራል፤ በላዩ የማር ሰም ይለበጣል፤ በሰሙ ላይ ሌላ ጭቃ ይደረባል። ደርቆ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ሰሙ በነበረበት ቦታ ነሐሱ ይገባል። ሲበርድ ጭቃው ተሰብሮ ይወገዳል፣ ደወሉ ይወጣል። ነገሩ ሁሉ የቆመው ነሐስ ጭቃን ባለመውደዱ ላይ ነው።

ነሐሱ በሚፈስበት ሰሞን እኔ ለእህቴ ሠርግ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። የሆነውን የሰማሁት ከሳቸውና ከአዴ አሜን ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሚያወሩት አምናቸዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሊያዩ መጥተው እሳቱን ከበው ቆመዋል። ነሐሱ ቀልጧል። በዚህ መሃል አዴ ድርቤ ገቡ። አዴ ድርቤ ከኦቦ ገለታ ጋር እኩያ ናቸው፤ በልጅነታቸው በዚያችው ጉባኤ አብረው ፊደል ቆጥረዋል። ባላቸውን ቀደም ብለው ቀብረዋል፤ ወንድ ልጃቸው ኢቢሳ ደግሞ ለሥራ ደዴሳ ቆላ ወርዶ በወባ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ኢቢሳ ከመሞቱ በፊት ሞተር ሳይክል ጥሎት ጭኑ ተሰብሮ ነበር፤ አዲስ አበባ ወስደው አጥንቱ ውስጥ ዘንግ አስገቡለት፤ ሲድን አወጡለትና በፋሻ ጠቅልለው ለራሱ ሰጡት። እሱም ቀልደኛ ልጅ ነበርና እሑድ እሑድ ቸርኬውን በዚያው ዘንግ እየመታ «በእግሬ ነው የምጠራችሁ» ይል ነበር አሉ። ከሞተ ወዲህ ዘንጉ የእናቱ መስኮት ላይ ነበር የሚቀመጠው።

አዴ ድርቤ ፋሻውን ፈቱና ዘንጉን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። «ገለታ፣ ይሄ የኢቢሳ ነው። ደወሉ ውስጥ ይግባልኝ» አሉ።

ኦቦ ገለታ ተቀበሉት። በመዳፋቸው መዘን መዘን አደረጉት። ቀለለባቸው። የሚያውቁት ብረት አይደለም፤ ነሐስም አይደለም። ሌላ ሰው አምጥቶት ቢሆን «ኡልፋዳ» ብለው አመስግነው ጥግ ላይ ያስቀምጡትና ይረሱት ነበር። አዴ ድርቤ ግን ሲገባ በዓይናቸው ሊያዩ እሳቱ አጠገብ ቆመዋል። አዴ አሜን ባላቸውን ጎሰም አድርገው በጆሯቸው «የማታውቀውን ነገር አታግባ» አሏቸው። ኦቦ ገለታም «ሃዳ ኢቢሳ…» ብለው ጀመሩ። የኢቢሳ እናት ማለት ነው፣ ድሮም የሚጠሯቸው እንደዚያ ነው። ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ግን አዴ ድርቤ ባዶውን ፋሻ በመዳፋቸው ጠቅልለው ይዘው ነበር። ሽማግሌዎቹም እሳቸውን ነው የሚያዩት።

«ከአባቴ እጅ ዕቃ የሚቀበል ሰው አልነበረም» አሉኝ ኦቦ ገለታ በኋላ። «እሷ ግን የልጇን ነገር በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ምን ልበላት? ላኪ ልበላት?»

ላኪ በኦሮምኛ እምቢ፣ አይሆንም ማለት ነው። አላሏቸውም። ዘንጉን በመቆንጠጫ ይዘው ከቀለጠው ነሐስ ሥር ደፈቁት። እንደ ሰም ወዲያው አልቀለጠም፤ ቀስ በቀስ፣ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ተበላና አለቀ። አዴ ድርቤ እስኪያልቅ ቆመው አዩ። ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ጨብጠው ሄዱ።

ነሐሱ ያንኑ ቀን ጭቃው ውስጥ ፈሰሰ፤ በማግስቱ ጭቃው ሊሰበር ሁሉም ተሰበሰበ። ኦቦ ገለታ በመዶሻ ቀስ ብለው መቱት። ሌላ ጊዜ ጭቃው እንደ እንቁላል ቅርፊት ነው የሚረግፈው። አሁን ግን ላይ ላዩ ብቻ ረገፈና የቀረው ነሐሱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። መሮ አመጡ። መሮው ጭቃውን ሲያነሳ ነሐሱንም አብሮ ያነሳል። ውስጠኛው ጭቃ ደግሞ ጭራሽ አልነቃነቅ አለ። ነሐስ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ውስጡ ያለው ጭቃ አልሸሽ ሲለው ጊዜ ደወሉ ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። አንድ ሽማግሌ በእንጨት መታ አደረጉት። የተመታ ግንድ ነው የመሰለው።

ማንም ምንም ሳይናገር ኦቦ ገለታ ቀደሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ጭቃውን በደንብ አላደረቅሁትም። እርጅና ነው።»

በሙያው ውስጥ ለሌለ ሰው ይህ ተራ ይቅርታ ይመስላል። ግን እርጥብ ጭቃ ላይ ነሐስ ማፍሰስ ጀማሪ እንኳን የማይሠራው ስህተት ነው፤ ደግሞም አደገኛ ነው፣ ይፈነዳል። እሳቸው ያንን ነው በገዛ አፋቸው በራሳቸው ላይ የለጠፉት። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ኦቦ ገለታ አርጅቷል፣ እጁ ከድቶታል ተባለ። ባለ ወፍጮዎቹም አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ግቢው ዝም አለ። እኔ ከሠርግ ስመለስ መጀመሪያ የገረመኝ ይኸው ዝምታ ነው።

ስባሪውን ጥግ ላይ አይቼ አነሳሁት። ነሐሱና ጭቃው የተገናኙበትን ቦታ ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከት ቀጭን ጥቁር መስመር አለ፤ ነሐሱ የጭቃው ቀዳዳ ሁሉ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ ያለውን ነገር በጥናቴ ጊዜ ለማግኘት ስንት ደክሜበታለሁ! «ኦቦ ገለታ፣ ምንድን ነው ያስገቡበት?» አልኳቸው። መጀመሪያ ሊሸፋፍኑ ሞከሩ። በኋላ ነገሩኝ።

ለአጥንት የሚያገለግለው ዘንግ ብዙ ጊዜ ቲታኒየም የሚባል ብረት ነው። ቀላል፣ ጠንካራ፣ ሰውነት የማይጠላው። ነገር ግን ሲግል ኦክስጅን ይወዳል፣ ያለ ልክ ይወዳል። ሸክላ ደግሞ ኦክስጅንን በውስጡ አስሮ የያዘ ነገር ነው። ነሐስ የሚሠራባቸው መዳብና ቆርቆሮ ብቻቸውን ሸክላውን ሳይነኩ ተድቦልቡለው ያልፋሉ፤ ትንሽ ቲታኒየም ሲገባባቸው ግን ቲታኒየሙ ከሸክላው ኦክስጅን ይነጥቃል፣ ድንበሩ ላይ ስስ ንጣፍ ይሠራል፣ ያ የሚሸሸው ነሐስ በንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። በማቅለጫው ውስጥ አየር ከበላው የተረፈው ቲታኒየም በቂ ነበር። ይህን ሁሉ በእጄ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ጥሩ አድርጎ ገባቸው።

«እንግዲያው ይንገሯቸው» አልኩ። እኔ ይሉኝታ የሚባል ነገር ደሜን ያፈላዋል፣ አልደብቅም። «ጥፋቱ የእጅዎ አይደለም። ስምዎ በከንቱ ለምን ይጠፋል?»

«ምን ብዬ ልንገራት? ደወሉን ያበላሸው ልጅሽ ነው ልበላት?»

«ልጃቸው አይደለም፣ ቲታኒየም ነው!»

«ለእሷ ልዩነት የለውም፣ ሠርፀ» አሉኝ።

ጥቂት ቆይቶ አዴ ድርቤ ራሳቸው መጡ። አልተቆጡም። «ገለታ፣ ሰው ይሳሳታል። ስባሪውን መልሰህ አቅልጠው። ኢቢሳ ያለበት እሱ ነው፣ ሌላ ብረት አልፈልግም» አሉ። ኦቦ ገለታም እሺ አሉ። ስባሪው ተመልሶ ቢቀልጥ ያው ነገር እንደሚደገም ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ለክፉ ቀን ብለው ያኖሩትን፣ ከድሮ ትላልቅ ወፍጮዎች የወጣ ጥሩ ብሮንዚናቸውን አውጥተው አቀለጡ። ስባሪውን በከረጢት አድርገው ከበር ኋላ ቆለፉበት። ሁለተኛው ደወል ከጭቃው ሲወጣ ልስልስ ያለ ነበር፤ ሲመታ ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው ሁሉ አስወጣ።

ዋንዛው ላይ በተሰቀለ ዕለት አዴ ድርቤ ተጠግተው መዳፋቸውን ለጠፉበት። «ገለታ፣ እዚህ ውስጥ ነው አይደል?» አሉ።

«ኤዬ» አሉ ኦቦ ገለታ። አዎ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዴ ድርቤ ደወሉ ሲደወል የያዙትን ሁሉ አስቀምጠው ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሆኑ። ከውሃ እየተመለሱ ከሆነ ጀሪካናቸውን መንገድ ላይ አስቀምጠው ይቆማሉ። እስኪያበቃ ሰላምታ እንኳን አይመልሱም። ኦቦ ገለታ ግን ወደዚያች ጉባኤ መሄዱን ቀስ በቀስ ተዉት፤ እሑድ ሲመጣ ወገቤን ነው፣ ጉልበቴን ነው ይላሉ። አዴ አሜን ብቻቸውን ይሄዳሉ። ኦቦ ገለታ ስማቸውን ያጠፋውን ወሬ እንኳን ያን ያህል አልቆጠሩትም። የከበዳቸው ያቺ አንዲት ቃል ነበረች። «ዘንጉን ስቀበል ዝም አልኩ፣ ያ ፈሪነት ነው። ኤዬ ስላት ግን ዋሸሁ» ይሉኝ ነበር። እኔም አንድ ሁለቴ ንገሯቸው ብዬ ጎትጉቼ ከደከምኩ በኋላ አፌን ያዝኩ።

ነገሩ በዚሁ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ማንም ሳይጎዳ ያልፍ ነበር። ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዴ ድርቤ ታመሙ። ስኳር ነው፤ ዓይናቸውንም እግራቸውንም ይዟቸዋል። ሴት ልጃቸው ፌኔት ጊምቢ አግብታ እዚያው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እናቷን ወስዳ ልታስታምም ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ ሽማግሌ ብትልክ፣ እምቢ አሉ። «ኢቢሳን ብቻውን ትቼ የት ነው የምሄደው?» ነው መልሳቸው። አንድ ቀን ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ጎረቤት እስኪደርስላቸው መሬት ላይ ቆዩ። እግራቸው ላይ ያለው ቁስልም አልድን ብሎ ነበር።

ፌኔት በዚህ ጊዜ ጨለለቂ ድረስ መጣች። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ ሳትጨርስ ማልቀስ ጀመረች። «ኦቦ ገለታ፣ እናቴ እርስዎን ይሰማሉ። እግራቸው ሊቆረጥ ይችላል፣ እኔ እያየሁት ነው። ስለ ደወሉ ሲነሳ የእርስዎን ስም ጠርተው ይመርቃሉ። እባክዎ አንድ ነገር ይበሏቸው» አለች።

ኦቦ ገለታ ተነሱና ከበሩ ኋላ ያለውን ከረጢት አወጡ። «ሠርፀ፣ አብረኸኝ ና» አሉኝ።

ባጃጅ ይዘን ሄድን። ፌኔት ፊት ተቀመጠች፣ እኛ ከኋላ፣ ከረጢቱ በመሃላችን። አዴ ድርቤ ደጃፋቸው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እግራቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። «አካም ጅርተ፣ ገለታ! ዛሬ ከየት ፀሐይ ወጣችና!» ብለው ደስ ብሏቸው ሰላም አሉ። ኦቦ ገለታ ከፊታቸው ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀመጡና ሁሉንም ነገሯቸው። በኦሮምኛ ነበር፤ ያልገባኝን ፌኔት በኋላ አስረዳችኝ፣ ግን ያልገባኝ ብዙ አልነበረም። ራሳቸውን አላጸደቁም። ዘንጉ ሲቀልላቸው እንደጠረጠሩ ተናገሩ። የመጀመሪያው ደወል ለምን እንደተሰነጠቀ ተናገሩ። ዛፉ ላይ ያለው ሌላ ነሐስ እንደሆነ ተናገሩ። «ኤዬ ያልኩሽ ውሸቴን ነው» ብለው ጨረሱ።

እኔ አዴ ድርቤ ይጮኻሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮኹም ይሻል ነበር። እሳቸው ግን «ታዲያ የት ነው ያለው?» አሉ።

ኦቦ ገለታ ከረጢቱን ፈቱና አንድ ስባሪ ሰጧቸው። አዴ ድርቤ ዓይናቸው ስለደከመ አጠገባቸው አስጠግተው አገላበጡት። የተጣበቀውን ጭቃ በጥፍራቸው ሊፍቁት ሞከሩ።

«ይሄ ጭቃ አይለቅም?»

«አይለቅም።»

«ዘንጉ የቱ ጋ ነው?»

«ሁሉም ጋ ነው፣ ሃዳ ኢቢሳ። ሟሙቷል፤ አይለይም።»

እንደገና በጥፍራቸው ፋቁት። ከዚያ ስባሪውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና በመስኮቱ በኩል ወደ ቤታቸው ውስጥ አዩ።

«ያን ቀን ላኪ ብትለኝ ኖሮ» አሉ፣ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የሚባል የለም፣ «ይዤው እመለስ ነበር። ትንሽ አዝን ነበር፣ ከዚያ ይለቀኝ ነበር። ዛሬም መስኮቴ ላይ ይሆን ነበር።»

እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በሐሳቤ ስከራከር የኖርኩት ስለ ተሰነጠቀው ደወል፣ ስለጠፋው ስማቸው፣ ስለ ውሸቱ ነበር። ዘንጉን ራሱን፣ እናትየው መስኮት ላይ አድርገው ጠዋት ጠዋት የሚያዩትን ያን ቀላል ዘንግ፣ ለካ ሁላችንም ረስተነው ኖረናል። ኦቦ ገለታ ሽርጥ የታጠቁ ይመስል እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያሻሹ አየሁ።

አዴ ድርቤ ስባሪውን መለሱላቸው። «ውሰደው። ይሄን አላውቀውም» አሉ። ከዚያ ፌኔትን ዞር ብለው «ዕቃዬን አሰናጂልኝ» አሏት።

የሄዱት በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። ፌኔት ባሏ መኪና ይዞ እንዲመጣ አድርጋለች። ኦቦ ገለታ አልቀርም ብለው ስለነበር አብሬያቸው ሄድኩ፤ ከመንገዱ ማዶ ቆምን። ዕቃው ተጫነ፤ አዴ ድርቤ ተደግፈው ገቡና ከኋላ ተቀመጡ። ፌኔት እየሮጠች ወደኛ መጥታ የኦቦ ገለታን እጅ ሳመች። «ኡልፋዳ፣ እናቴን ያዳኑልኝ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ኦቦ ገለታ እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ።

እሷ ተመልሳ መኪናው ውስጥ ስትገባ ደወሉ ተደወለ። ጥርት ያለ ነው፤ እውነቱን ለመናገር በወለጋ እንደሱ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። መንገደኛው ሁሉ ወደ ዋንዛው ቀና አለ። ኦቦ ገለታ ዓይናቸውን ከመኪናው ላይ አልነቀሉም፤ ምን እንደሚጠብቁ ገብቶኛል። አዴ ድርቤ ዞር አላሉም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ልጃቸውን «በሩን ዝጊው እንጂ፣ አቧራ እየገባ ነው» አሏት።